ስለ ኳስና ስለ ትምህርት

የወንድማችን ልጅ በዱርቤቴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከክፍሉ አንደኛ እየወጣ ለትምህርት ቤቱም ኳስ ስለሚጫወት፥ ሽማግሎች «ኳሱን ይተው፤ አለዚያ ትምህርቱ ይጠፋል» ብለው መከሩን። እኛ ግን የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆናችን የሁለቱን ወገን ቃል መጻፍ ልማዳችን ነውና፥ የልጁን ሰዓት ቈጠርን።

በሳምንት ሦስት ቀን ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ይጫወታል፤ ከመሸ በኋላ ኳስ አይታይምና መብራቱ ለመጽሐፍ ብቻ ነው። ጥናቱን የሚያስታጕለውስ ከብት ማገድና ውኃ መቅዳት ሆኖ ተገኘ፤ ይህን ግን ማንም አልከሰሰውም።

ይድነቃቸው ተሰማ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሪ፥ የቅዱስ ጊዮርጊስም ተጫዋች ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘውን ቡድናችንን አሠልጥነዋል፤ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በየአገሩ ጉባኤ ቆሞ በባዕድ ቋንቋ መከራከር በእግር ብቻ የሚገኝ ሙያ አይደለም።

ስለዚህ ከብቱ ከጎረቤት ከብት ጋር በተራ እንዲታገድ ወንድማችንን ለመንነው። ልጁንም ፈተና ሲቀርብ ከሦስቱ ቀን አንዱን እንዲተው ነገርነው፤ ቅር ቢለውም እሺ ብሏል። ወንድማችን ግን እስከ መኸር አስቡበት ብሎናል።