የውርንጭላው አራተኛ እግር

በአገራችን ከተሞች ዳንቴል ያልገባበት ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። የሶፋው መደገፊያ፥ የራዲዮኑ ራስ፥ ኋላም ቴሌቪዥኑ በነጭ ዳንቴል ተሸፍኖ ይታይ ነበር፤ በአንዳንድ ቤትም ዛሬ ድረስ እንደዚሁ ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ከጥርስ ስም የወጣ ነው፤ ኪሮሽ የሚለውም ከዚያው ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ ትርጉሙ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ጥርስና መንጠቆ እንዲህ ያለ ለስላሳ ነገር መውለዳቸው ያስገርማል።

እናታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ መንጠቆ ሲሠሩ ኖረዋል። በመጨረሻ ለልጅ ልጃቸው የአሻንጉሊት ውርንጭላ ጀምረው፥ ሦስቱን እግር እንደ ፈጸሙ ዐረፉ። ከተዝካሩ በኋላ ሣጥናቸውን ስንከፍት፥ ሆዱ በጥጥ የተሞላ ግራጫ ውርንጭላና ኪሮሹ እንደ ተሰካበት የቀረ የክር ልቃቂት አገኘን። ከዘመዶቻችን አንዳንዶቹ እንዳለ ለመታሰቢያ ይቀመጥ አሉ፤ እኛ ግን ለሕፃን የተጀመረ ነገር በሣጥን ውስጥ ሊያረጅ አይገባውም ብለን ሥራውን ለመማር ቈረጥን።

«ወንድ ልጅ ደግሞ ኪሮሽ ይይዛልን?» ያሉን አልጠፉም። ነገር ግን በአገራችን ፈትሉ የሴት፥ ሽመናው የወንድ ሥራ ሆኖ ለብዙ ዘመን መኖሩን የሚያውቅ ሰው፥ ወንድ ከክር ጋር መዋሉን እንደ ነውር ሊቈጥረው አይችልም። መንጠቆይቱም የምትናቅ አይደለችም፤ በአየርላንድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1845 የጀመረው የድንች ረኃብ ሲጸና፥ ብዙ ሴቶች ቤተ ሰባቸውን የረዱት የኪሮሽ ዳንቴል እየሠሩ በመሸጥ ነበር።

ያስተማሩን የእናታችን የማኅበር ጓደኛ ናቸው። በሹራብ ሥራ ብዙ ዓይን በአንድ ጊዜ በመርፌው ላይ ተሰልፎ ይቆያል፤ በኪሮሽ ግን አንዱ ዓይን ሲያልቅ ወደ ሌላው ይታለፋል፥ በመንጠቆውም ላይ የሚቀረው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ጃፓኖች አሚጉሩሚ የሚሉት ይህ ዓይነት አሻንጉሊት ብዙውን ጊዜ በ6 ዓይን ይጀመራል፤ ቀጥሎ 12፥ ከዚያም 18 እየተባለ በየዙሩ 6 ሲጨመር፥ ሥራው እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሰፋል። መጨመሩ ሲቆም ጠርዙ እንደ ሙዳይ ይነሣል፤ ሲቀነስም አፉን መዝጋት ይጀምራል፤ ጥጡም ከዚያ በፊት መግባት አለበት። ስፌት የምትሰፋ ሴት ይህን ሁሉ ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች።

የሰው እጅ ግን እንደ ጽሕፈቱ ይለያያል። እናታችን ክሩን ላላ አድርገው ይይዙ ነበር፤ የኛ እጅ ጠበቅ ያደርጋል። ስለዚህ አራተኛው እግር በዓይንም በዙርም ከሦስቱ ጋር ተካክሎ ሳለ፥ አጥሮና ደንድኖ ወጣ። መምህርታችን ሦስቱን ተርትረን አራቱንም በራሳችን እጅ እንድንሠራ መከሩን። ምክሩ የባለሙያ ምክር ነው፤ ደግሞም ቀላል ነው፥ ኪሮሽ ጫፉን ፈትተው ቢስቡት እስከ መጀመሪያው ዓይን ድረስ ይፈታልና። ይህ ቀላልነቱ ነው ያስፈራን። ፎቶግራፋቸው አለ፥ ድምፃቸውም በስልክ ተቀርጾ ይገኛል፤ ክሩን ይይዙበት የነበረው ልክ ግን ያለው በነዚያ ዓይኖች ላላነት ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስቱን አልነካናቸውም፤ በአራተኛው ላይ 2 ዙር ጨመርንበት።

ዓይኖቹን በጥቁር ክር ጠለፍናቸው፤ ተነቅሎ የሚዋጥ ቁልፍ ገና 3 ዓመት ላልሞላው ልጅ አደገኛ ነውና። ልጁ ውርንጭላውን በተቀበለ ዕለት በወለሉ ላይ አቆመው፤ ወደ ግራ ዘመም አለ። ጥቂት ተመልክቶም «ደክሞታል» አለና በጎኑ አስተኛው፤ እስከ ማታም ድረስ ማንም እንዳይነካው ከለከለ።