የኬላ ጨዋታ

ደሴ ውስጥ በአንድ የኪራይ ግቢ ልጆች ኬላ ይጫወታሉ። የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትተው ከቧንቧው እስከ አጥሩ ይወጥሩታል። አንዱ እንጨት አንግቶ ገመዱ አጠገብ ይቆማል፣ የቀሩት ተሳፋሪ ይሆናሉ። «ውረዱ! መታወቂያ!» ይላል ጠባቂው። ከካርቶን የተቀደደ መታወቂያ ይሰጡታል። ገና ማንበብ አልጀመረም፤ ገልበጥ አድርጎ ያየውና አንዱን «እለፍ»፣ ሌላውን «አንተ ቁም» ይላል። አሻንጉሊት ያዘለች የአምስት ዓመት ልጅ ሁልጊዜ ከሰልፉ መጨረሻ ትቆማለች። ሁልጊዜም አታልፍም።

አከራይዋ ይህን ባዩ ቁጥር ገመዱን ይነጥቃሉ። «እናንተ ሟርተኞች! ሌላ ጨዋታ ጠፋ?»

ክፉ ሆነው አይደለም። ደሴ በ2014 ጦርነት ገብቶባት የወጣ ከተማ ናት፤ ከዚያ ወዲህም በዙሪያዋ ያለው መንገድ ጸጥ አላለም። እውነተኛው ገመድ ፊት እሳቸውም ቆመዋል። ደግሞም በልጅ አፍ የተነገረ ክፉ ነገር ይደርሳል የሚል የቆየ ፍርሃት አለ። ልጆች እቃቃ ሲጫወቱ ሰርግ ቢደግሱ ይሳቅላቸዋል። ለቅሶ ቢቀመጡ ግን «ምን አሳያችሁ!» ተብለው ይበተናሉ።

እዚያው ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር የኦ ክፍል መምህርት አለች። «እትዬ፣ ግዴለም ይተዉአቸው» ብትል፣ «አንቺ ልጅ፣ ሳትወልጂ በምን አወቅሽው?» የሚል መልስ አገኘች። ገመዱ ግን ተመለሰ፤ ልብስ በማይታጠብበት ቀን ብቻ።

መምህርቷ ልክ ናት። ትልቅ ሰው የደረሰበትን ቡና ላይ አሥር ጊዜ ያወራዋል። እያወራ ያለቅሳል፣ አንዳንዱን ይጨምራል፣ ሌላውን ይተዋል፣ ሰሚው «እግዚኦ» ይልለታል። ይህን ማንም ሟርት አይለውም። ልጅ ቡና ላይ አይቀመጥም፤ ቢቀመጥም «የትልቅ ሰው ወሬ አትስማ» ይባላል። የልጅ ቡና እቃቃ ነው። እሱን ከልክሎ «ልጁ እኮ ምንም አልመሰለው፣ ረስቶታል» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ነገሩ ለደሴ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አና ፍሮይድና ዶረቲ በርሊንግሃም ለንደን ውስጥ ለጦርነት ሕጻናት ማቆያ ከፍተው ያዩትን ይመዘግቡ ነበር። አባቱን የአየር ድብደባ የገደለበት የአራት ዓመት ልጅ ከወረቀት ቤት እየሠራ በብይ ይደበድብ ነበር። በጨዋታው ውስጥ ግን ሰዎቹ ሁሌም ይተርፋሉ፣ የፈረሱትም ቤቶች ተመልሰው ይቆማሉ። ልጁ ከወራት በኋላ የአባቱን ሞት በራሱ አንደበት ተናገረ፤ ያ ጨዋታም ያን ጊዜ ቆመ።

ታዲያ ጨዋታ ሁሉ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ቻውቺላ በምትባል ከተማ 26 ልጆች ከነትምህርት ቤት አውቶቡሳቸው ታግተው ነበር (ከአውቶቡስ መታገት ለዚህ አገር አንባቢ እንግዳ ወሬ አይደለም)። ሁሉም በሕይወት ተረፉ። ልጆቹን የተከታተለችው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሌኖር ቴር ያስተዋለችው ነገር ግን አንዳንድ ልጅ ያንኑ ጨዋታ ያለ ለውጥ፣ ያለ ደስታ፣ እየደጋገመ እንደሚጫወት ነው። ለወላጅም ምልክቱ ይኸው ነው። ጨዋታው ሁሌም በአንድ ዓይነት ካበቃ፣ ልጁም ከጨዋታው ሲወጣ ቀለል ካላለው፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ይፈልጋል። እንቅልፍ አልባነትና ዝምታ ከተጨመረበት ደግሞ ባለሙያ።

መምህርቷ ያደረገችው መቀመጥ ነው። አንድ ቀን መታወቂያ ቀዳ ተሳፋሪ ሆነች። ጠባቂውን አልተቆጣችም፣ «ልጅቷን አሳልፋት» ብላም አላዘዘችም። ሰልፉ መጨረሻ ያለችውን ሕጻን ብቻ «እመቤት፣ ካላሳለፉን ዛሬ የት እናድራለን?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ አሰበች። ከገመዱ ወዲህ በጄሪካንና በማዳበሪያ ከረጢት ቤት ተሠራ፣ በጭቃ ወጥ ተሠራ፣ የተከለከሉት ሁሉ ተጠርተው በሉ። በመጨረሻ ጠባቂውም ራበው መሰል እንጨቱን ጥሎ መጣ።

የሚገርመው አማርኛ ለስሜት ቃል ያጣ ቋንቋ አለመሆኑ ነው። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ አንጀት ይላወሳል፣ ልብ ይሰበራል፣ ቅር ይላል። እነዚህ ሁሉ ግን የትልልቆች ናቸው። ልጅ ሲሆን «አኮረፈ»፣ «ተበሳጨ»፣ «አመል አወጣ» ነው፤ ወንድ ከሆነ ደግሞ «ወንድ ልጅ አያለቅስም»። ሆድ ሲብሰው «ሆዴን አመመኝ» ይላል፣ የትል መድኃኒት ይገዛለታል። «ሆድ ባሰህ ወይስ ሆድህን አመመህ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢያገኝ ግማሹ ሥራ ባለቀ ነበር።

ፊት ለፊት መጠየቅ የማይሆንለትም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በቴሌቪዥን የታየችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ቀጭኔ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ናት። ያረጀ ካልሲ፣ ሁለት ቁልፍ ለዓይን፣ አለቀ። ለመምህሩ አንድ ቃል የማይተነፍስ ልጅ ለካልሲው ያወራል፤ ካልሲው አይቆጣም፣ ለእናትም አይነግርም።

ከዚህ ሁሉ ጋር መንግሥትም ሆነ ድርጅቶች «እናውቃለን» ይላሉ። ኢትዮጵያ በ1983 የተቀበለችው የሕጻናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ጨዋታንና ጥበብን መብት ይላቸዋል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። በብዙ ክፍል ውስጥ ግን ይህ ማለት መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲኒ ይሥላል፣ ተማሪው ሁሉ ሲኒውን ይገለብጣል፣ ከአሥር ይታረማል። የተቃጠለ ቤት የሣለ ልጅ «የታዘዝከው ሲኒ ነው» ይባላል። በመጠለያ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማል። የተቃጠለው ቤት ይፈለጋል፤ ፎቶ ይነሳል፣ የሪፖርት ሽፋን ይሆናል፣ ልጁም ሥዕሉን ይዘው የት እንደሄዱ ሳያውቅ ይቀራል። ሥዕሉ የልጁ ነው። ሊያሳይም፣ ሊቀድም፣ ትራሱ ሥር ሊደብቅም ይችላል። «ይህ ምንድን ነው?» ከማለት «እስቲ ንገረኝ» ማለት ይሻላል፤ ካልፈለገም መተው።

ወረቀት ውድ ነው የሚል መልስ ይመጣል፣ እውነትም ውድ ነው። በየትምህርት ቤቱ መጋዘን ግን ያለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት ተከምሯል፤ አብዛኛው በአንድ ገጹ ብቻ የታተመ ነው።