ጭስ የሌለው እሳት

መቼም እንጦጦ ማርያም ወጥቶ "አልበረደኝም" የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ሁለት ጋቢ ደርቧል ወይ ይዋሻል። ከሽሮ ሜዳ ዳገቱን ይዛችሁ ስትወጡ መጀመሪያ ባሕር ዛፉ ይሸታችኋል፤ ቀጥሎ ጆሯችሁ ይቀዘቅዛል። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካሉት ሠፈሮች የአንዱ ልጅ "ጋሼ፣ ተራራ ላይ ስንሆን ለፀሐይ እንቀርባለን አይደል? ታዲያ ለምንድን ነው የሚበርደው?" ሲል ጠይቆኝ ያውቃል።

ጥያቄው ሎጂክ አለው፤ የጎደለው ልኩ ብቻ ነው። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃለች፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ብንቀርባት ከቁምነገር አይገባም። አየሩን በዋናነት የሚያሞቀው መሬቱ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ይቀዘቅዛልም፤ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ያህል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። ቦሌ ላይ ሹራቡን ያወለቀ ሰው እዚህ ካፖርት ቢያምረው አይፈረድበትም።

ከተማችን ራሷስ ብትሆን ከብርድ ሸሽታ የተቆረቆረች አይደለችም እንዴ? እንጦጦ ላይ ብርዱም የማገዶ እጥረቱም አስቸግሮ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እንጦጦ ማርያም ቢሆንም፣ ቤተ መንግሥቱ ፊቱን ወደ ሙቀቱ አዙሮ ነበር።

ነገሥታቱ ወደ ፍል ውሃ ወረዱ፤ ዳገቱ ላይ የቀረው ሕዝብስ በምን ይሙቅ? ፈረንጅ ቤቱን ያሞቃል፤ እኛ ሰውየውን ነው የምናሞቀው። ጋቢ ማለት አራት እጥፍ ሆኖ ትከሻ ላይ የሚነጠፍ ማሞቂያ ነው፤ መብራት ቢሄድም አይጠፋም።

የሚያሳስበኝ ግን ቋንቋችን ነው። ትምህርት ቤት "ክረምት" ማለት የፈረንጆቹ "ዊንተር" ነው ተብለን ተማርን። የእኛ ክረምት ግን የዝናብ ወቅት ነው፤ አጥንት የሚሰብረው የሌሊት ቁር የሚመጣው ሰማዩ ጠርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። "ብርድ መታኝ" እንላለን፤ ብርድ ልክ በመስኮት ዘሎ የሚገባ ወንበዴ ይመስል። አሥራ ሁለት ሰው በላብ የታፈነበት ታክሲ ውስጥ አንዱ መስኮት ከፈት ሲያደርግ ከኋላ "ኧረ ዝጉልን፣ ብርድ ሊመታን ነው!" የሚል ድምፅ አይጠፋም። ጉንፋን የሚያሲዘው ቫይረስ መሆኑን፣ ቫይረሱም የተዘጋውን ታክሲ እንደሚወድ ማን ይንገራቸው?

ታክሲው ውስጥ ይህ ሎጂክ ቢበዛ ጉንፋን ያስይዘናል። ቤት ውስጥ ግን ይገድላል።

አንዲት እናት አውቃለሁ፤ የሚኖሩት ዳገቱ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የበራቸውን ሥር በጨርቅ ይወትፋሉ፣ መስኮቱንም ይዘጋሉ፣ ከዚያ የከሰል ምድጃው ይገባል። "እማማ፣ ኧረ ይሄ ነገር አደጋ አለው" ስላቸው ተቆጡ።

"ልጄ፣ እኔ ሞኝ ነኝ እንዴ? ውጪ በደንብ አጭሼ ነው ያስገባሁት። እየው እስቲ፣ ጭስ አለው?"

የለውም። ችግሩም እሱ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አይቆጠቁጥም። ቀይ ፍም ሆኖ "ጠራ" ከምንለው ከሰል ይወጣል፤ አመድ ከለበሰውም ጭምር። ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፤ ከኦክስጅን 200 ጊዜ ያህል በበለጠ ኃይል ይጣበቃልና። ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ ያመጣል። ሰውየውም ሙቀቱ የተስማማው መስሎት ይተኛል። ጨው ቢበትኑበት፣ ውሃ በሳህን አጠገቡ ቢያስቀምጡ ጋዙ ወይ ፍንክች!

እማማ የሚፈሩት ሌላ ነገር ነው። "ይሄ የሚባለው ፕሌይስቴሽን የልጅ ልጄን ሊገድልብኝ ነው" ይላሉ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሳንቲሙን ይዞ ጌም ቤት ነው የሚገባው። እርግጥ ጥናቱን ሊያስረሳው ይችላል። ነገር ግን ጌም ውስጥ አደጋ ሲመጣ ስክሪኑ ይቀላል፣ የቀረችው ነፍስ ጥግ ላይ ትቆጠራለች፣ ተጫዋቹ ቢሞትም እንደገና ይጀምራል። ምድጃው አጠገብ የተኛ ሰው ነፍሱን የሚቆጥርለት የለም።

የከተማችን እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ስለዚህ ነገር ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ነገር ግን ሂተር ያለው ሰው "ከሰል አታስገቡ" ማለቱ ቀላል ነው። እማማ "ታዲያ በምን ልሙቅ?" ሲሉኝ ጥያቄያቸው መልስ ይገባዋል። እናም በሩን ከፍተው እንዲሞቁና ከመተኛታቸው በፊት ምድጃውን ከነአመዱ እንዲያወጡት ለመንኳቸው። ሌሊቱን ጋቢው፣ ብርድ ልብሱና በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ እግር ሥር ይሁን። ራሱ የዞረበት ሰው ካለም ሎሚ ይሽተት እያሉ ጊዜ ማባከን ሳይሆን፣ ቶሎ ወደ ውጪ አውጥቶ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁላችንም ይጠበቃል። "የከሰል ጭስ ገደለው" ማለቱን እንተው። ጭስ ስንል ሰው ዓይኑን አምኖ ይተኛል። "የከሰል መርዝ" እንበለው። እማማም ይህችን ቃል ሲሰሙ ነው ምድጃውን ዞር ብለው ያዩት። ብርድ እንኳ ቢመታ እያንቀጠቀጠ ነው፤ መርዙ ግን እያሞቀ ነው የሚወስደው።