ላይኛው እርሻ፣ ታችኛው እርሻ

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ከተማሪዎቼ ጋር ስላደረግሁት አንድ ጉዞና በጉዞው ላይ ስለተጠየቅሁት ጥያቄ ነው።

ጊዜው 2011 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር ነበር። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ ተማሪዎቻችንን በአንድ አውቶቡስ ይዘን ከኮምቦልቻ በሌሊት ተነሳን። ደሴን፣ ወልድያንና ጋሸናን አልፈን፣ ዙህርና ዓስርን መንገድ ላይ አንድ ላይ ሰግደን ባሕር ዳር ስንገባ መሽቶ ነበር።

በማግሥቱ በመጀመሪያ የሄድነው ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ቦታ ነው። ወንዙ እዚያ ገና ሐይቁን ያልተሰናበተ ይመስላል። ዳር ዳሩን ደንገል በቅሎበት፣ ድምፁን ሳያሰማ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከልጆቹ ብዙዎቹ በየቀኑ ጀሪካን ይዘው ቦኖ ላይ የሚሰለፉ ናቸውና ያን ሁሉ ውሃ ባዩ ጊዜ ዝም አሉ።

ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጢስ ዓባይ ደረስን። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን አቀበቱን ወጣን። ልጆቹ ፏፏቴውን የሚያውቁት በመማሪያ መጽሐፍና በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነው። የጠበቁትም ያንኑ ነበር። ያዩት ግን ሰፊና ደረቅ ገደል፣ በአንድ ጥጉም የምትወርድ ቀጭን ውሃ ነው።

«ኡስታዝ፣ ውሃው የታለ?» አለኝ አንዱ።

ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ እንደሚሄድ አስጎብኚው አስረዳን። የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የበለስ ማመንጫ ከሐይቁ ራሱ በዋሻ ውሃ መውሰድ ጀመረ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ፏፏቴው ይመለሳል፤ በበጋ ግን ለመብራቱ ሲባል ይቀንሳል። «እንግዲህ ቤታችሁ የሚበራው አምፖል ከዚህ የወሰደው ድርሻ አለ» አልኳቸው። ልጆቹ ሳቁ።

ከኋላ ቆማ የነበረች አንዲት ተማሪ ግን አልሳቀችም። «ኡስታዝ፣ እኛ ውሃውን ብንይዘው በታች ያሉት ሱዳኖችና ግብፆች አይጠሙም? ወንድሞቻችን አይደሉም እንዴ? ባንይዘውስ እኛ በጨለማ ልንኖር ነው?» አለችኝ።

ውድ አንባብያን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ዕለት አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። «ሰፊ ጉዳይ ነው» ብዬ አለፍኩት። ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ተመለሰ።

ያደግሁት ቃሉ ውስጥ በመስኖ ሽንኩርት በሚያለማ ቤተሰብ ነው። አባቴ የውሃ አባት ነበር። ከላይኛው እርሻ እስከ ታችኛው ድረስ የእያንዳንዱን ሰው ተራ የሚያውቀው፣ ጠብ ሲነሳም የሚዳኘው እሱ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ይመስለኛል፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ የእኛ ሽንኩርት ጠወለገና ሌሊት ተነስቼ የታችኛውን ጎረቤታችንን ተራ ወደኛ ማሳ መለስኩት። አባቴ በሱብሒ ቦዩን አይቶ አወቀ። አልመታኝም። እጄን ይዞ ጎረቤታችን ዘንድ ወሰደኝና ዓውፍ እንድጠይቅ አደረገኝ። የዚያን ሳምንት ተራችንንም ለእሳቸው ሰጠ። «ልጄ፣ ከላይ መሆን አላህ የሰጠን ቦታ ነው። እሳቸው ከታች በመሆናቸው የሠሩት ወንጀል የለም» አለኝ።

በመድረሳ የተማርነው ታሪክም ከዚህ አይርቅም። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) እና አንድ አንሷሪይ መዲና ውስጥ ከሐርራ በሚወርድ ቦይ ተጣሉ። የዙበይር እርሻ ከላይ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጀመሪያ ዙበይር አጠጥቶ ውሃውን ለጎረቤቱ እንዲለቅ አዘዙ። ሰውየው ግን «የአክስትህ ልጅ ስለሆነ ነው» የሚል ንግግር ተናገረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተቆጡና ዙበይር ውሃው የእርሻውን ግድብ እስኪደርስ እንዲይዝ፣ ከዚያ እንዲለቅ ፈረዱ። ዑለማዎች እንደሚያብራሩት የመጀመሪያው ትእዛዝ ለሁለቱም የሚመች ዕርቅ ነበር፤ ሁለተኛው የዙበይር ሙሉ መብት ነው። ልኩም እስከ ቁርጭምጭሚት ሆኖ ተወሰነ።

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ የሁለት እርሻ ፍርድ እንዳለ ለመንግሥታት ይሠራል ማለቴም አይደለም። ሆኖም ሦስት ነገር እንማርበታለን። ከላይ ያለ ሰው ድርሻ አለው። ድርሻው ልክ አለው። በታች ያለው ዕርቁን ቢገፋ የሚጎዳው ራሱን ነው።

አሁን ወደ ዓባይ እንመለስ። አስዋን ከሚደርሰው የናይል ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋዎች የሚወርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን በዓመት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተብሎ የተገመተውን ውሃ ሲከፋፈሉ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን ደረሰ። የቀረው 10 ቢሊዮን ለትነት ተተወ። ለፀሐይ ድርሻ ሲቆረጥ ለኢትዮጵያ ግን አንድም አልተመደበም፤ ለድርድሩም አልተጠራችም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረታችን በከንቱ አልተነገረም።

የታችኛውን እርሻ ሰው ሥጋትም በአባቴ ዓይን እንየው። ካይሮ ላይ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ እኛ ዘንድ በአንድ የሐምሌ ቀን ሊወርድ የሚችል ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብ አትክልቱም፣ የሚጠጣውም በአብዛኛው በዚህ አንድ ወንዝ ነው። ሱዳንም ከድንበሩ ብዙ ሳይርቅ የሮዛሪስ ግድብ አላት። ከላይ ነገ ስንት ውሃ እንደሚለቀቅ ካላወቀች ግድቧንና ሕዝቧን መጠበቅ ይቸግራታል።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው የህዳሴ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2020 ውሃ መያዝ ጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። መብራት የሚያመነጭ ውሃ ተርባይኑን አዙሮ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ እንደ መስኖ አይቀርም። ስለዚህ ግድብ መሥራት ማስጠማት ነው ማለት ስሕተት ነው። ነገር ግን ድርቅ ተከታትሎ በመጣ ዓመት ምን ያህል ይለቀቃል የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው። ሦስቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2015 ካርቱም ላይ በመርሆች ተስማምተዋል፤ ይህን ዝርዝር የሚወስን አስገዳጅ ውል ግን ግድቡ እስከተመረቀበት ቀን ድረስ አልተፈረመም። እ.ኤ.አ. በ2010 ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ የቀረበው የተፋሰሱ አገሮች የትብብር ማዕቀፍም በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ ሲውል ግብፅና ሱዳን አልገቡበትም።

ያቺ ተማሪ ዛሬ ብትጠይቀኝ እንዲህ እላታለሁ። መያዝ መብታችን ነው፤ በጨለማ ተቀመጡ የሚለን ሸሪዓም ሕግም የለም። ነገር ግን ስንት እንደያዝን፣ መቼ እንደምንለቅ ለጎረቤት በጊዜው መንገር፣ በድርቅ ዓመትም ጉዳቱን ከላይም ከታችም መካፈል ግዴታችን ነው። እነሱም ያልነበርንበትን ውል ይዘው «ሙሉ ውሃው የኛ ነው» ማለታቸውን ሊተዉ ይገባል። ወንድማማችነት ማለት አንዱ መብቱን ጥሎ ዝም ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ቦዩ ዳር ቆመው ውሃውን አብረው መለካታቸው ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ስለ ዓባይ ሲጠይቋችሁ እንደኔ «ሰፊ ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትለፏቸው። አባቴ ባለፈው ዓመት ወደ አኼራ ሄዷል፤ አላህ ይዘንለት። በለቅሶው ላይ ከሁሉ ቀድመው የመጡት የዚያ የታችኛው እርሻ ጎረቤታችን ነበሩ። ወላሁ አዕለም።