መንገደኛና ሕመምተኛ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በንግድ የሚተዳደር ቤተሰብ ሁለት እንግዶችን ጠንቅቆ ያውቃል። አንዱ መንገድ ነው፤ ሌላው ሕመም ነው። ሁለቱ በየተራ ሲመጡ እንደምንም ይቻላሉ። በአንድ ሳምንት ተገናኝተው አንድን ቤት ሲያንኳኩ ግን፣ ይኸውም ከቤተሰቡ አንዱ ለንግድ ሩቅ አገር እንደሄደ ሌላው አልጋ ላይ ሲውል፣ የሚደረገው ነገር ብዙዎቻችንን ግራ ያጋባናል። ሄያጁ ይነገረው ወይስ ይደበቅ? ሥራውን ጥሎ ይምጣ ወይስ ጨርሶ? የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ ላይ ያተኮረ ነው።

በልጅነታችን በመድረሳ ጁዝእ ተባረክን በቃላችን ስንይዝ ሁላችንም የምንፈራት አንዲት አንቀጽ ነበረች። ሱረቱል ሙዘሚል ሃያ አንቀጾች አሏት። የቀደሙት አጫጭር በመሆናቸው ልጅ ቶሎ ይይዛቸዋል። ሃያኛዋ ግን ብቻዋን ረጅም በመሆኗ እዚያ ስንደርስ ምላሳችን ይተሳሰር ነበር፤ ኡስታዛችንም «ከላይ ጀምር» ይሉን ነበር። ትርጉሟን የተረዳነው ግን ከፍ ካልን በኋላ ነው። በዚያች አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) የሌሊቱን ሶላት ለአማኞች ሲያቀልላቸው ምክንያቱንም ይገልጻል፤ ከመካከላቸው ሕመምተኞች እንደሚኖሩ፣ ሌሎች የአላህን ችሮታ ፍለጋ በምድር ላይ እንደሚጓዙ፣ ሌሎችም በአላህ መንገድ እንደሚታገሉ ያውቃልና። ሐላል ሲሳይ ፍለጋ የወጣው ነጋዴ ከሕመምተኛው ጎን ተቀመጠ ማለት ነው።

ይህ አጋጣሚ አይደለም። ስለ ጾም በሱረቱል በቀራ፣ ስለ ተየሙም በሱረቱ ኒሳእና በሱረቱል ማኢዳ የተነገረውን ብናስተውል የታመመና መንገደኛ አንድ ላይ ተጠርተው እናገኛቸዋለን። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ኢማም ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስም አንድ ባሪያ ሲታመም ወይም መንገድ ሲወጣ፣ ጤነኛና አገሩ ላይ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ እንደተሠራ ሆኖ እንደሚጻፍለት ያስተምረናል። ሁለቱም ከለመዱት ሕይወት የተነጠሉ፣ አቅማቸው የተወሰነ፣ የአላህን እዝነት የሚጠባበቁ ናቸው።

ነጋዴ ቤተሰብ ይህን በልቡ ሊይዝ ይገባል። ነገር ግን መንገድና ሕመም በአንድ ጊዜ ሲመጡ ማን ይቅደም? እዚህ ላይ የዑስማን ኢብን ዐፋንን (ረ.ዐ) ታሪክ ማስታወስ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትርጉም አለው። ዑስማን የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። ከባለቤታቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ከሩቀያ (ረ.ዐ) ጋር እ.ኤ.አ በ615 ወደ ሐበሻ ምድር ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች መካከል ናቸው። በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ የበድር ዘመቻ ሲነሣ ሩቀያ ታመመች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዑስማን ከእርሷ ጋር እንዲቆዩ አደረጉ፤ በድር ላይ እንደተገኘ ሰው ምንዳውም ድርሻውም እንደሚሰጣቸው ነገሯቸው። የድሉ ብሥራት መዲና ሲደርስ ሩቀያ ወደ አኼራ ሄዳ ነበር። እስቲ እናስብ፤ ከበድር የሚበልጥ ምን ጉዳይ አለ? ሆኖም የታመመች ሚስትን ማስታመም እዚያ ከመገኘት ጋር ተቆጠረ። ታዲያ ስንት ጊዜ ነው ለአንድ ጭነት ዕቃ ስንል «ሐኪም ቤት ውሰዷት፤ እኔ ስመለስ እደርሳለሁ» የምንለው?

የኛም ቤት ይህን ፈተና አይቶታል። አባታችን አላህ ይዘንላቸውና ፒያሳ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ መኖሪያችን ደግሞ ወደ አራት ኪሎ ነበር። ከበኒ ሰፈሩ ኑር መስጊድ ዙሁርን ሰግደው ወደ ሱቅ ሲመለሱ በመንገድ ላይ የማያውቁት ሰው አልነበረም። በ2005 ዓ.ል ታላቅ ወንድማችን ዕቃ ለመግዛት ወደ ቻይና፣ ወደ ጓንግዡ ከተማ ተጓዘ። በእጁ ከያዘው ገንዘብ ገሚሱ የሌሎች ነጋዴዎች አደራ ነበር። በሄደ በአራተኛው ቀን የአባታችን የደም ግፊት ድንገት ከፍ ብሎ ራሳቸውን ሳቱ፤ ይዘናቸው ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 12 ሆስፒታል ገባን።

ያን ዕለት ማታ የቤተሰቡ ጭንቀት ሁለት ሆነ። አክስታችን፣ «ልጁ ሰው አገር ነው ያለው፤ የሰው ገንዘብ ይዟል፤ ደንግጦ አንድ ነገር ቢሆንስ? እስኪመጣ አይነገረው» አሉ። የተናገሩት በክፋት አልነበረም። በአገራችን መርዶ እንኳ በሽማግሌ፣ በማለዳ፣ በእርጋታ የሚነገር ነው። እናታችን ግን ዝም አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ወንድማችን ሲደውል ስልኩን እየተቀባበልን ስለ ዋጋና ስለ ዕቃ ብቻ አወራን።

በሦስተኛው ቀን አባታችን ምላሳቸው ተፈታ። ቃላቸው ቢንተባተብም የመጀመሪያ ጥያቄያቸው፣ «ለልጁ ነገራችሁት?» የሚል ነበር። ማንም አልመለሰም። ጥቂት አርፈው፣ «የመንገደኛ ዱዓ አይመለስም። ዱዓ የሚያደርግልኝን ሰው ለምን ትደብቁብኛላችሁ?» አሉን።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ቃል ከዚያ በኋላ ብዙ አሰላስለነዋል። ምላሽ ከማያጡት ዱዓዎች መካከል የተበደለ ሰው፣ የመንገደኛና የወላጅ ዱዓ እንደሚገኙበት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ሕመሙን ከመንገደኛው ስንደብቅ «እንዳይጨነቅ» ብለን ለእርሱ ያዘንን ይመስለናል። በእውነቱ ግን ሕመምተኛውን ከታላቅ ዱዓ እንከለክለዋለን፤ መንገደኛውንም ውዱን ከማገልገል ምንዳ እናርቀዋለን።

ያኔውኑ ተደወለለት። ወንድማችን ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ ስልኩ አባታችን ጆሮ ላይ እንዲደረግለት ጠየቀ። አባታችን ያሉት አጭር ነበር፤ «የሰው አደራ ሳታጠናቅቅ እንዳትመጣ። ካጠናቀቅህ በኋላ ግን ለኔ ሱቅ ብለህ አንድ ሌሊት እንዳታድር።» ጓንግዡ ውስጥ ሁዋይሸንግ የተባለ ጥንታዊ መስጊድ አለ፤ ወንድማችን እየሄደ የሚሰግደው እዚያ ነበር። ሰዓታቸው ከእኛ በአምስት ሰዓት ስለሚቀድም፣ እኛ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አልጋው ሥር ቁጭ ብለን ስናስታምም እሱ ሱብሒ ሰግዶ ለአባታችን እጁን ያነሣ ነበር። የሰዎቹን ዕቃ ገዝቶ አስጭኖ የራሱን ግዢ ግን ትቶ በስድስተኛው ቀን አዲስ አበባ ገባ።

ጉዞ ምግብን፣ መጠጥንና እንቅልፍን የሚከለክል የስቃይ ቁራጭ በመሆኑ ጉዳዩን የፈጸመ ሰው ወደ ቤተሰቡ እንዲቻኮል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መክረዋል። አባታችን ያዘዙት ይህንኑ ነው፤ አደራው ይቅደም፣ ቤተሰብ ይከተል፣ ትርፍ ኋላ ይምጣ። አላህ ፈቅዶላቸው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ቆዩ። ወደ አኼራ ሲሄዱ ገላቸውን ካጠቡት አንዱ ያው ወንድማችን ነበር። እሱ ዛሬም፣ «ያኔ ደብቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ሁሉ ‹ደህና ነን› ስትሉኝ አላምናችሁም ነበር» ይለናል። ነገሩ እውነት ነው። አንድ ጊዜ የተደበቀበት መንገደኛ ከዚያ ወዲያ የሚሰማው ሰላምታ ሁሉ ጥርጣሬ ይሆንበታል።

ይህ የነጋዴ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከተማሪዎቻችን አንዷ እናቷ ዐረብ አገር ትሠራለች። አያቷ ታመው ሳለ ዘመዶቿ «ስትደውል ደህና ናቸው በያት» ብለዋት ልጅቷ የዚህን ሸክም ተሸክማ ክፍል ውስጥ ትፈዝ ነበር። ምን ላድርግ ብትለን «መጀመሪያ አያትሽን ጠይቂ፤ ሕመሙ የእርሳቸው ነው» አልናት። እርሳቸውም «ንገሪያት፤ ግን እያለቀስሽ አይሁን» አሏት። ለስለስ አድርጎ መናገርና መዋሸት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መንገደኛው አጠገቡ ወዳጅ እያለ፣ ሐኪሙ ያለው ሳይጨመርና ሳይቀነስ ቢነገረው ልቡ ይችለዋል።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ቀድሞ በሰፈራችን ሕመምተኛን ለመጠየቅ ጫማ ማጥለቅ ብቻ በቂ ነበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከሱቅ ወጥቶ፣ ከሶላት ተመልሶ፣ እግረ መንገዱን «አብሽሩ፣ አላህ አፊያ ያድርግዎ»፣ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብሎ ያልፍ ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ለዚህ ነው። በ2016 ዓ.ል ዶሮ ማነቂያና በአካባቢው የነበሩ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ጎረቤቶቻችን በከተማው ዳርቻ ወዳሉ ሰፈሮች ተበተኑ። ስለዚህ ዛሬ የቀድሞ ጎረቤትን መጠየቅ ራሱ ጉዞ ሆኗል፤ ሁለትና ሦስት ታክሲ ይጠይቃል። ሙስሊም ወንድሙን በጠዋት የጠየቀ ሰው እስኪመሽ ሰባ ሺህ መላእክት ዱዓ እንደሚያደርጉለት የሚያበሥረውን ሐዲስ የሚያውቅ ሰው ግን ለዚያ የታክሲ ወረፋ ልቡ አይዝልም።

እንግዲህ ለመንገድ የሚነሣ ወንድም ወይም እህት ከመውጣቱ በፊት ያለበትንና የሚፈልገውን ዕዳ ጽፎ ለቤተሰቡ ያስቀምጥ፤ በቁርአን ውስጥ ከሁሉ የምትረዝመው አንቀጽ ዕዳን ስለ መጻፍ የምትናገር ናትና። «ብታመም ንገሩኝ፣ ብትታመሙ ንገሩኝ» ብሎ ቃል ይቀበል፤ ቃልም ይስጥ። ቤት የቀረነውም ሕመምተኛውን እንጠይቅ፤ ሳናደክም ቶሎ እንነሣ። ወጣቶች ሆይ፣ ወላጆቻችሁ ስልክ ላይ «ደህና ነን» ሲሏችሁ ድምፃቸውን አዳምጡ።

አላህ (ሱ.ወ) መንገደኞቻችንን በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን፤ ሕመምተኞቻችንን አፊያ ያድርግልን፤ የሄዱብንን በእዝነቱ ይቀበልልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።