መጥረጊያዬን የደበቅኩ ቀን

ከሪያድ ነው የምጽፍላችሁ። ባለፈው ሌሊቱን ሙሉ አቧራ ሲነፍስ አደረና ጠዋት ሆሹን እያጠብኩ ታናሽ እህቴ በቪዲዮ ደወለች። ጓደኞቿ አጠገቧ ነበሩ። መጥረጊያውን ቶሎ ብዬ ከበሩ ኋላ ደበቅኩት። እቤት የሚያውቁት ሱቅ ውስጥ እንደምሠራ ነው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጋሽ አበራ ሞላ ትዝ አለኝ። ስሙ ስለሺ ደምሴ ነው፤ ክራር ተጫዋችና ዘፋኝ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከውጭ አገር ተመልሶ አዲስ አበባን ላጽዳ ብሎ ተነሳ። ሥራ ያልነበራቸውን የሰፈር ልጆች አስተባበረ። ቆሻሻ ይጣልበት የነበረው ቦታ አበባ ተተከለበት፤ ድንጋዩ ሁሉ ቀለም ተቀባ። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ፤ እናቴ ግን "የእኛም ሰፈር ልጆች አካፋ ይዘው ወጡ፣ ማንም አላፈረም" እያለች እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

አውቃለሁ፣ እሱ ወዶ ነው፣ እኛ ቸግሮን ነው። ለእሱ ተጨበጨበለት፤ እኔ የሦስት ወር ደመወዜን ገና እየጠበቅኩ ነው። ግን መጥረጊያው ያው መጥረጊያ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ የዋሸሁት ነው።

ዓርብ ስትደውል ለእህቴ እውነቱን እነግራታለሁ። የትምህርት ቤት ክፍያዋ ከዚህ መጥረጊያ እንደሚወጣ ትወቅ። እናንተስ እህቶቼ፣ ለቤተሰብ ምን እሠራለሁ ብላችኋል?