ስልኩ «ያስቀምጠዋል» ሲባል ምን ገባው?

በ2010 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ሶፊያ የምትባለው ሮቦት አዲስ አበባ መምጣቷ ትዝ ይላችኋል? ሆንግ ኮንግ ያለው ሃንሰን ሮቦቲክስ የሠራት፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ዜግነት የሰጠቻት፣ ከሶፍትዌሯም ከፊሉ እዚሁ አዲስ አበባ አይኮግ ላብስ ውስጥ በእኛ ልጆች የተሠራ ነው የተባለላት። ጠቅላይ ሚኒስትሩን አገኘች፣ አማርኛም ትሞክራለች ተባለ። ከዚያ ሁሉ ዜና እኔ ዘንድ የቀረው ግን የአካሏ ዕቃዎች ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መጥፋቱ ነው። ያን ጊዜ ገና ሥራ ላይ ነበርኩና ለባልደረቦቼ «ይቺማ የእኛው ናት» አልኳቸው። በገጠር ጤና ጣቢያ የኖረ ሰው አምፖሉ የቀረ ማይክሮስኮፕ፣ ገመዱ ሌላ አገር የሄደ መሣሪያ ሲቀበል ነው ያረጀው።

የእኔ የቴክኖሎጂ አስተያየት እንግዲህ እንዲህ ያለ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትተኮስ፣ ሰባ ኪሎ ገደማ ትመዝናለች ሲሉ ሰምቼ «የአንድ ጎልማሳ ክብደት!» ብዬ ተገረምኩ። የእርሻና የአየር ሁኔታ መረጃ ትሰጣለች ተባለ። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ «የጉናን በረዶ ከመውረዱ በፊት ትነግረን ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ነርስ ስለሆንኩ ሁሉን የማውቅ ይመስላቸዋል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሲመጣ ግን ያለ ቀልድ አጨበጨብኩ፤ ልጆቼ ከባሕር ዳር የሚልኩልኝን ብር በአውቶቡስ ረዳት እጅ ከመጠበቅ ገላገለኝ። ኔትወርክ ወደማይገባበት ቆላ ስወርድ ብቻ አሁንም በመቀነቴ ጫፍ ጥቂት ብር እቋጥራለሁ።

የልጅ ልጄ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ነው የሚማረው፤ ክረምቱን እኔ ዘንድ ነፋስ መውጫ ያሳልፋል። ዘንድሮ እንደመጣ «እማማ፣ እኔ እኮ ጊክ ነኝ» አለኝ። ስድብ መስሎኝ ደንግጬ «ማነው እንዲህ ያለህ?» አልኩት። ሳቀ። ጊክ ማለት በአንድ ነገር ፍቅር የተለከፈ፣ ስለዚያ ነገር ሌሊት ተነሥቶ የሚያወራ፣ ሰው ቢሰለች እሱ የማይሰለች ማለት ነው አለኝ። ፀጉሩን ማበጠር የሚረሳውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ጨመረልኝ፤ ይህኛውን አላመንኩትም።

እንዲህ ከሆነማ አገራችን ጊክ አጥታ አታውቅም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ ለወንጌል የመጡትን አውሮፓውያን መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው ሰዎቹ ሙያው አልነበራቸውም። ሞከሩ፣ ከሸፈ፤ ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። ያን መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ በእኛው በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል አድርገው መቅደላ ያደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ግማሽ ዓመት መሆኑ ነው! ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ይጠርጉ ነበር። ጊክ ካላችሁ እሳቸው ናቸው። ያ ሁሉ ጉልበት ለመድፍ መዋሉን ሳስብ ግን ልቤ አይወደውም፤ ለልጅ ልጄም ይህንኑ ነግሬዋለሁ።

እኔ በዐይኔ ያየሁት ጊክ ሌላ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አርብ ገበያ ሳለሁ የክትባት ማቀዝቀዣውን የሚጠብቅ አንድ ጤና ረዳት ነበር። መብራት የለም፤ ማቀዝቀዣው የሚሠራው በነጭ ጋዝ ነው። እሳት እየነደደበት የሚቀዘቅዝ ሣጥን ለገበሬው እንቆቅልሽ ነበር፤ ለእኔም ከተማርኩ በኋላ እንኳ ጥቂት እንቆቅልሽ ነበር። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነ ይጨሳል፤ ጥላሸት ካጠራቀመ ቅዝቃዜው ይበላሻል። ይህ ሰው ሌሊት ባትሪውን አብርቶ እየተነሣ ክሩን ይከረክማል። ሠርግ ተጠርቶ ስለ ክር ያወራል። ቴርሞሜትሩ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካላሳየው ቁርስ አይበላም። ሚስቱ «ምነው ፍሪጁን አግብቶ በነበረ» ስትል ሰምቻለሁ። እኛ ግን በእሱ ክር ተማምነን፣ ክትባቱን በረዶ በታጨቀ ሣጥን በበቅሎ ጭነን ወደ በሽሎ ቆላ እንወርድ ነበር።

በሥራ ዘመኔ ካየሁት ቴክኖሎጂ የትኛውን ትወጃለሽ ብትሉኝ ስልክም ሮቦትም አልልም። በክትባት ብልቃጥ ላይ የምትለጠፈዋን ትንሽ ክብ እላለሁ። መጀመሪያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1996 በፖሊዮ ጠብታ ላይ ነው። በክቡ መካከል ነጣ ያለ አራት ማዕዘን አለ። ሙቀት ባገኘው ቁጥር ይጠቁራል፤ አንዴ ከጠቆረ ወደ ኋላ አይመለስም። አራት ማዕዘኑ ከክቡ ነጣ ብሎ ከታየሽ ክትባቱን ትሰጫለሽ፤ ከተመሳሰሉ ወይም ውስጠኛው ከባሰ ትጥያለሽ። ባትሪ አትፈልግም፣ ኔትወርክ አትፈልግም፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ያነባታል። እሷ ከመምጣቷ በፊት ብልቃጡ መንገድ ላይ ሞቆ ይሁን አይሁን አገላብጠን ብናየው የሚነግረን ነገር አልነበረም።

አሁን ወሬው ሁሉ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። የልጅ ልጄ ስልኩን ሰጥቶኝ «የፈለግሽውን በአማርኛ ጠይቂው» አለኝ። እኔ ደግሞ ተማሪ ነርሶችን ስፈትን የኖርኩ ነኝ። «የአንድ ዓመት ልጅ ተቅማጥ ይዞታል፣ ምን ላድርግ?» ብዬ ጀመርኩ። ጎበዝ ተማሪ ነው። ኦ.አር.ኤስ. አለ፣ ጡት አታቋርጪ አለ፣ ዚንክ አለ፣ ዐይኑ ከሰረጎደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው አለ። ደስ አለኝ። ቀጥዬ የሲማዳ እናት እንደምትጠይቀው ጠየቅኩት፤ «ልጄን ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጠዋል»። ስልኩ ልጅ በስንት ወሩ መቀመጥ እንደሚጀምር፣ ጀርባውንም በትራስ እንዴት እንደምደግፈው በትሕትና አስረዳኝ። «ላይ ታች ይለዋል» ስለው ደግሞ ልጁ ንቁና ተጫዋች ስለሆነ ደስ ይበልሽ አለኝ። የልጅ ልጄ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ። እኔ አልሳቅኩም።

ያልሳቅኩት እርግብግቢቱ የጎደጎደ፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቅቀው ተጨማዶ የሚቀር ሕፃን በእጄ ይዤ ስለማውቅ ነው። የሚያስቀምጠው ልጅ የሚሞተው ውሃው አልቆ ነው፤ ጊዜ አይሰጥም። «ተቅማጥ» የቢሮና የመጽሐፍ ቃል ነው። እናት በሌሊት ስትደነግጥ ከአፏ የሚወጣው እሱ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት እንኳ አንዲት ወጣት ጎረቤቴ ልጇን አዝላ፣ ስልኳን ይዛ በውድቅት መጣች። «ሲስተር፣ ውሃ አትስጡት ይላል» አለችኝ። ተቀብዬ አየሁት። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው በቪዲዮ ቀርቦ፣ ለሚያስቀምጠው ልጅ ውሃ መስጠት ያባብስበታል እያለ ይምላል። ይህ እኮ ሥራ ስጀምር ከእናቶች ጋር የተሟገትኩበት አሮጌ እምነት ነው፤ አሁን ጋዋን ለብሶ ተመለሰ። ነጭ ጋዋን ደግሞ ገበያ ላይ ይሸጣል። ቀዝቅዞ የተቀመጠ የፈላ ውሃ ነበረኝ፤ አንዱን ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በሦስት ቢራ ጠርሙስ ውሃ በጠበጥን። ሦስት የቢራ ጠርሙስ አንድ ሊትር ይሆናል፤ ያን ጊዜም እንዲህ ነበር የምናስተምረው። በማንኪያ ጥቂት በጥቂት እየሰጠን አነጋን፤ ሲነጋ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ትናንት በጓሮዬ በኩል ዶሮ ሲያባርር አየሁት።

የልጅ ልጄ ስለ ማሽኑ ጠበቃ ቆመ። «የተማረው ከተጻፈ ነገር ነው፤ የእናቶቹን አነጋገር የጻፈለት የለም» ይላል። እውነቱን ነው። ጣት ላይ የምንሰካው የኦክስጅን መለኪያም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። በቆዳ ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን ነው የሚለካው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በአንድ የታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ መሣሪያው የኦክስጅን ማነስን በጥቁር ሕመምተኞች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደሚስት አሳየ። የሠሩት ሰዎች በአቅራቢያቸው ያለውን ቆዳ አይተው ሠሩ። ስልኩም በአቅራቢያው ያለውን አማርኛ አንብቦ ተማረ።

ግዕዝን ለኮምፒውተር ካስለመዱት ቀደምት ሰዎች አንዱ ዶክተር አበራ ሞላ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። የእንስሳት ሐኪም ፊደሉን ካስገባ ነርስ ቃሉን ብታስገባ ምን ነውር አለው ብዬ ደብተር ከፈትኩ። ያስቀምጠዋል። ላይ ታች ይለዋል። ጡት ጣለ። ጎኑን ወጋው። የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። እንግዴ ልጁ ቀረ። ከእስቴ መካነ ኢየሱስ የመጣች አዋላጅ ጓደኛዬም ትጨምርበታለች፤ እሷ ያዋለደቻቸው ሴቶች ያፈሩበትን ሁሉ በምን ቃል እንደሚያድበሰብሱት ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። የልጅ ልጄ በየማታው ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጠዋል። ማን ዘንድ እንደሚያደርሰው እሱ ያውቃል፤ የእኔ ድርሻ መጻፉ ነው።

ያስቸገረን «ምች» ነው። «ትርጉሙን በአንድ መስመር ጻፊልኝ» ይለኛል። ከንፈር ላይ የሚወጣ ቁስል ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ አነበበችና «ትኩሳቱስ? በልቶ ፀሐይ ላይ ወጥቶ የመታውስ?» አለችኝ፤ ሰረዝኩት። ትኩሳትና ራስ ምታት ብዬ ጻፍኩ። ይህማ ወባም ነው፣ ታይፎይድም ነው ብዬ ራሴ ሰረዝኩት። «ዳማከሴ የሚታሸለት ሕመም ሁሉ» ብዬ ስጽፍ ደግሞ የልጅ ልጄ ቀና ብሎ «እማማ፣ ዳማከሴ ምንድን ነው?» አለኝ። ጓሮዬ ሞልቷል፤ ነገ ጠዋት ቆርጬ አፍንጫው ሥር አደርግለታለሁ።